የሮኬትና የማስወንጨፊያ መድረክ ሞዴልን እውነተኛ ስለማስመሰል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በድሬዳዋ በካርቶን፣ በፕላስቲክ ቱቦና በሽቦ የሮኬት ሞዴል የሚሠሩ ተማሪዎችና ጎልማሶች ዋናውን ቅርጽ አቁመው ቀለም ከቀቡ በኋላ በአብዛኛው ተመሳሳይ ጥያቄዎችን ያነሣሉ። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የሚያተኩሩት በዚያ ደረጃ ላይ ነው፤ ይኸውም ሮኬቱና የቆመበት መድረክ እውነተኛ እንዲመስሉ በሚያደርጉት ጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው።

ሞዴሌ በጥንቃቄ ተሠርቶ ሳለ መጫወቻ የሚመስለው ለምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የዝርዝር ማነስ ሳይሆን የዝርዝሮቹ እርስ በርስ አለመስማማት ነው። እውነተኛ ሮኬት በማስወንጨፊያው ላይ በሚቆይባቸው ቀናትና ሰዓታት መልኩ ይለዋወጣል፤ በሮኬቱ ጎን ከቆመው የብረት ማማ የተዘረጋው አንዱ ክንድ ይታጠፋል፣ ሌላው መወጣጫ ይነሣል፣ ታንኩ ሲሞላ የሮኬቱ ገላ ይነጣል። ሠሪው እነዚህን የተለያዩ ሰዓታት በአንድ ሞዴል ላይ ካደባለቃቸው ተመልካቹ ስሕተቱን ለይቶ ባይጠራው እንኳ አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ይሰማዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሞዴሉ የሚያሳየው የትኛውን ሰዓት እንደሆነ ይወስኑ፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ዝርዝር «በዚህ ሰዓት ይህ ነገር ነበረን?» ብለው ይመርምሩት።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 16 ቀን 1969 አፖሎ 11ን ይዞ የተነሣው ሳተርን 5 ጥሩ ማስረጃ ነው። ቁመቱ 110.6 ሜትር የሆነው ይህ ሮኬት ከተገጣጠመበት ሕንፃ ወደ ማስወንጨፊያው ቦታ የሄደው ከነማማው በግዙፍ ባለሰንሰለት ማጓጓዣ ላይ ሆኖ ነው፤ የማጓጓዣው ፍጥነት ጭነት ሲይዝ በሰዓት 1.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ማጓጓዣው መድረኩን በቦታው አስቀምጦ ይመለሳል፤ እጅግ ቀዝቃዛ የሆኑት ፈሳሽ ኦክስጅንና ፈሳሽ ሃይድሮጅን ግን የሚሞሉት ከብዙ ቀናት በኋላ፣ ሮኬቱ ሊነሣ ሰዓታት ሲቀሩት ነው። እንግዲህ ማጓጓዣውን ከሥር አቁሞ በሮኬቱ ገላ ላይ አመዳይ የሚቀባ ሠሪ ፈጽሞ ያልነበረ ሰዓት ያሳያል ማለት ነው። እንዲሁም ከማማው ዘጠኝ ክንዶች መካከል ጠፈርተኞቹ ወደ መንኩራኩሩ የተሻገሩበት የላይኛው ክንድ ሮኬቱ ከመነሣቱ አምስት ደቂቃ ያህል ቀደም ብሎ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ሞተሮቹ ሲነዱ በሚያሳይ ሞዴል ላይ ይህ ክንድ እንደተዘረጋ መታየት የለበትም።

የትኛውን ሮኬት ብመርጥ ይሻለኛል?

ሳተርን 5 ብዙ ፎቶግራፍና ንድፍ ስላለው ይመረጣል፤ ነገር ግን ማማው ለጀማሪ እጅግ ከባድ ነው። ለአገራችን ሠሪ እኔ የምመክረው ሎንግ ማርች 4ቢ የተባለውን የቻይና ሮኬት ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይት የሆነችው ኢቲአርኤስኤስ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከታይዩዋን ማስወንጨፊያ ጣቢያ ወደ ሕዋ የሄደችው በዚህ ሮኬት ነው። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ የሆነችው ይህች ሳተላይት ብቻዋን አልተጓዘችም፤ የጉዞው ዋና ጭነት ቻይናና ብራዚል በጋራ የሠሩት ትልቅ ሳተላይት ነበር። በአንድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ይህ ሮኬት ቆሞ ሲታይ ተመልካቹ የራሱን ታሪክ ስለሚያይበት፣ ለትምህርት ቤት ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ልኬቱም ይመቻል። ቁመቱ 45.8 ሜትር፣ የታችኞቹ ሁለት ደረጃዎች (ተራ በተራ ነድደው የሚለያዩት የሮኬቱ ክፍሎች) ስፋት 3.35 ሜትር ስለሆነ በ1፡100፣ ማለትም መቶ እጥፍ አንሶ ሲሠራ 45.8 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 33.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። የውጭ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ሽቦ ማሳለፊያ ቱቦ በወፍራም ወረቀት በጥብቅ ሲጠቀለል ወደዚህ ልክ ይደርሳል። ሦስተኛው ደረጃ 2.9 ሜትር ስፋት ስላለው ቀጠን ይላል፤ ይህን መቅጠን ማሳየት ግዴታ ነው፣ ምክንያቱም ሮኬቱን ከሩቅ የሚያስለየው ይኸው ነው። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ መካከል ያለው ክፍት የብረት መረብም እንዲሁ ቸል የማይባል ነው። የላይኛው ሞተር ደረጃዎቹ ሳይለያዩ ስለሚነሣ እሳቱ የሚወጣበት ክፍተት ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ያን ቦታ በጥቁር ቀለም ከመቀባት ይልቅ ቱቦውን ቆርጦ በቀጫጭን ሽቦዎች ማገናኘት ይገባል።

ስኬሉ ለዝርዝሩ ምን ለውጥ ያመጣል?

ሁሉን ነገር ይለውጣል። በ1፡100 ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው 17.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 1.1 ሜትር ከፍታ ያለው የእጅ መደገፊያ 11 ሚሊ ሜትር፣ የመደገፊያው የ4 ሴንቲ ሜትር ቧንቧ ደግሞ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የክብሪት እንጨት 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚወፍር በዚህ ስኬል 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ምሰሶ ነው፤ ለማማው ዋና ምሰሶ ይስማማል፣ ለእጅ መደገፊያ ግን ፈጽሞ አይሆንም። በ1፡144 የሳተርን 5 ቁመት 77 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ያው ቧንቧ ከ0.3 ሚሊ ሜትር በታች ይወርዳል።

እንዲህ ሲሰላ የሚጠፉ ነገሮችም ይታወቃሉ። በእውነተኛው ሮኬት ላይ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት መጋጠሚያ በ1፡100 0.05 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ዓይን አያየውም፤ እርሱን በምላጭ ፈልፍሎ ጥቁር ቀለም መሙላት ሮኬቱን በግንበኛ የተሠራ ያስመስለዋል። በጣም በቀጭን እርሳስ፣ ከመሠረቱ ቀለም ጥቂት በጠቆረ ግራጫ የተሰመረ መስመር ይበቃል።

የማማውን መደገፊያዎችና ወለሎች በምን ልሥራቸው?

ለመደገፊያ ከተቃጠለ ሞተር የወጣ የመዳብ ሽቦ የሚተካከለው የለም። የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ወይም የአየር ማራገቢያ ሞተር መልሰው የሚጠመጥሙ ባለሙያዎች አሮጌውን ሽቦ በክብደት ይሸጡታል፤ በማይክሮሜትር ወይም በካሊፐር ለክተው 0.4 ሚሊ ሜትሩን ይምረጡ። ሽቦው ተጣሞ ስለሚመጣ አንዱን ጫፍ በሞርሳ፣ ሌላውን በፒንሳ ይዘው ጥቂት እስኪለጠጥ በቀስታ ይሳቡት፤ ያን ጊዜ እንደ ክር ቀጥ ይላል። በላዩ ያለው መከላከያ ቅብ ሙጫም ቀለምም ስለማይቀበል በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት መላጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ የመደገፊያውን ንድፍ በትክክለኛ ስኬል በወረቀት ላይ ሠርተው በመስታወት ሥር ያድርጉት፤ አግዳሚዎቹን ሽቦዎች በመስታወቱ ላይ በፕላስተር ያጣብቁ፣ ቋሚዎቹን ደግሞ በየ15 ወይም 20 ሚሊ ሜትሩ ያስቀምጡ። እያንዳንዱን መገናኛ በመርፌ ጫፍ በተነካች የሱፐር ግሉ ጠብታ ያያይዙ። በመርፌው ዓይን በኩል የተያዘች ጠብታ ከመገናኛው ላይ ስታርፍ ራሷ ወደ ክፍተቱ ትገባለች፤ ከቱቦው በቀጥታ የሚፈስ ሙጫ ግን እብጠት ይሠራል፣ ያ እብጠት ከቀለም በኋላ ይበልጥ ይታያል። ሬዲዮ ጠጋኝ ወዳጅ ያለው ሰው በብየዳ ብረት ቢያያዘው ደግሞ እጅግ ይጠነክራል።

ለወለሉ ብዙ ሰው በቀላሉ የሚያገኘውን የአልጋ አጎበር ይጠቀማል። ነገር ግን የአጎበር ቀዳዳ ከአንድ ሚሊ ሜትር በላይ ስለሆነ በ1፡100 የሰው እግር የሚያስገባ ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ክፍተት ይሆናል። ከአሮጌ የሻይ ማጥለያ የሚወጣው ደቃቅ የሽቦ መረብ ለዚህ ሥራ እጅግ የተሻለ ነው፤ ጠርዙ እንዳይተረተር ከመቆረጡ በፊት በኮላ ይቀባል። የማማው ወለሎች በተቻለ መጠን ብርሃን የሚያሳልፉ ይሁኑ፤ ሠራተኛው ከወለል በታች ያለውን ወለል አሻግሮ ማየቱ የእነዚህ ማማዎች ዋና መልክ ነው።

ቧንቧዎችንና ገመዶችን በፈለግኩት መንገድ ባሳልፋቸውስ?

እያንዳንዱ ቧንቧ መነሻና መድረሻ ይኑረው። ከታንክ ተነሥቶ በማማው ወጥቶ በክንድ ላይ ተሻግሮ ወደ ሮኬቱ የሚገባ አንድ ቧንቧ የትም ከማይደርሱ ብዙ ሽቦዎች ይልቅ ያሳምናል። እጅግ ቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ቧንቧ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር በመንገዱ ላይ ሆን ተብሎ መታጠፊያ ይደረግለታል፣ በመሸፈኛም ስለሚጠቀለል ወፈር ይላል። የኤሌክትሪክ ገመድና ተጣጣፊ ቱቦ ግን በራሱ ክብደት ይረግባል፤ ክርን በውኃ በቀጠነ ኮላ ነክረው አንጠልጥለው ቢያደርቁት ይህን መርገብ በትክክል ይይዛል።

አመዳይ የት የት ይቀባል?

ይህ ጥያቄ የሮኬቱን ሆድ ዕቃ ማወቅ ይጠይቃል። ፈሳሽ ኦክስጅን ከዜሮ በታች 183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ስለሚፈላ ታንኩ ውስጥ በዚያው ቅዝቃዜ አካባቢ ይቀመጣል፤ መሸፈኛ በሌለው ታንክ ላይ የአየሩ እርጥበት ወዲያው ወደ አመዳይ ይለወጣል። ኬሮሲን የያዘው ታንክ ግን እንዲህ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ አመዳዩ ሮኬቱን ሁሉ አይሸፍንም፤ የኦክስጅኑን ታንክ ቅርጽ ተከትሎ ከላይና ከታች በግልጽ ድንበር ያበቃል። በሳተርን 5 የመጀመሪያ ደረጃ የኦክስጅኑ ታንክ ከላይ፣ የኬሮሲኑ ከታች ነው። በሩሲያው ሶዩዝ ሮኬትም በጎን ያሉት አራቱ ማጠናከሪያዎች የላይኛ ክፍላቸው ኦክስጅን ስለሚይዝ እዚያው ይነጣሉ፤ የሮኬቱ እውነተኛ ቀለም ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነው። ሶዩዝን ከላይ እስከ ታች ነጭ የሚቀቡ ሰዎች በአመዳይ የተሸፈነ ፎቶግራፍ አይተው ነው።

ከላይ የመከርኩት ሎንግ ማርች 4ቢ ደግሞ ከነጭራሹ አመዳይ የለውም። የሚጠቀመው ነዳጅና ነዳጁን የሚያነድደው ናይትሮጅን ቴትሮክሳይድ በተለመደው የአየር ሙቀት በፈሳሽነት የሚቀመጡ ስለሆኑ ገላው አይቀዘቅዝም። ይህ ለጀማሪ ትልቅ ዕፎይታ ነው፤ አዋቂ ተመልካች ግን በዚህ ሮኬት ላይ አመዳይ ካየ ሠሪው ስለ ነዳጁ እንዳላነበበ ወዲያው ይረዳል።

አመዳዩን ለመቀባት ነጭ ጠመኔ በደንብ ይፈጩ፣ በስቶኪንግ ይንፉት፣ ለስላሳ ብሩሽ ነክተው በደረቁ ከላይ ወደ ታች ያሹት። በታንኩ መካከል ይወፍር፣ ወደ ድንበሩ ሲቀርብ ይሳሳ። የሚረጭ ነጭ ቀለም ለዚህ አይሆንም፤ ደመናማ ሆኖ ድንበሩን ያጠፋዋል።

የዛገና የተቃጠለ ነገር እንዴት ላሳይ?

ለዚህ ትምህርት የድሬዳዋ ሰው የታደለ ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ከተማዋ ከደረሰ ወዲህ የኖረው የቀድሞው የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያና የጥገና ቦታው ብረት እንዴት እንደሚያረጅ የሚያስተምሩ ናቸው። ፈቃድ ጠይቀው ገብተው የአንድ አሮጌ ፉርጎ መወጣጫ ቀርበው ይመልከቱ። ቀለሙ የተላጠው እግር የሚረግጠው የመወጣጫው መካከል ላይ እንጂ ዳርና ዳሩ ላይ አይደለም፤ እጅ የሚይዘው ዘንግ አልዛገም፣ ይልቁንም በመዳፍ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል፤ ዝገቱ የጀመረው ውኃ በሚያቁርበት የብሎን ራስ ዙሪያ ሲሆን ከዚያ ወደ ታች በቀጭን መስመር ይወርዳል። ይህንኑ በማማዎ ላይ በልኩ አሳንሰው ይድገሙት።

ቦታውንም አይርሱ። ሳተርን 5 የተነሣበት የፍሎሪዳው ማስወንጨፊያ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ስለሆነ ጨዋማው አየር ብረቱን ያለማቋረጥ ያጠቃዋል፣ ቀለሙም በየጊዜው ይታደሳል። ካዛኪስታን ውስጥ ያለው የሶዩዝ ማስወንጨፊያ ባይኮኑር ደረቅ ሜዳ ስለሆነ እዚያ ከዝገት ይልቅ አቧራ ይበዛል። ጥላሸቱ ደግሞ የእሳቱን መንገድ ይከተላል፦ በመድረኩ ቀዳዳ ዙሪያ፣ በእሳት መውረጃው ቦይና በማማው የታችኛ ክፍል ላይ ይከማቻል። ገና ያልተነሣው ሮኬት ራሱ ግን ንጹሕ ነው። አዲስ ሮኬት ላይ ጥላሸትና ዝገት መቀባት በጣም የተለመደው ስሕተት ነው። የተፈጨ ከሰል ለጥላሸት ይበቃል፤ ለኮንክሪቱ ጀሶ ከጥቂት ግራጫ ቀለም ጋር ተቀላቅሎ ይፈስሳል። የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በቀጥታ መበተን አይመከርም፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ቅንጣት በ1፡100 የ5 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ስለምትሆን አሸዋው መነፋት አለበት።

ነጩ ቀለም በሙቀቱ ምክንያት ሻካራ ይሆንብኛል፤ ምን ላድርግ?

በድሬዳዋ እኩለ ቀን ላይ የሚረጭ ቀለም ሞዴሉ ላይ ከማረፉ በፊት አየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ይለጠፋል። ማለዳ ከ12 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ነፋስ ሳይነሣ፣ ከወትሮው ጠጋ ብለው በስስ በስሱ ደጋግመው ይቀቡ። በኤርብሩሽ (በአየር ግፊት ቀለም በሚረጭ መሣሪያ) የሚሠራ ሰው ቶሎ የማይተን ቲነር ይምረጥ። የቀለሙንና የቲነሩን ጭስ ላለመሳብ ሥራው በረንዳ ላይ ይሁን፤ በር ተዘግቶ አይረጭም።

ንጹሕ ነጭ አይጠቀሙ። ትልቅ ነገር ከሩቅ ሲታይ በመካከል ያለው አየር ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው በትንሽ ሞዴል ላይ ነጩ በጥቂት ግራጫ ሲሰበር ይበልጥ እውነተኛ ይመስላል። በጣም የሚያብረቀርቅ ቅብም እንዲሁ ስኬሉን ያበላሻል። የአሜሪካን የጠፈር መንኮራኩር (ስፔስ ሻትል) ለሚሠሩ አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ትልቁ የውጭ ታንክ ነጭ የተቀባው እ.ኤ.አ. በ1981 በተደረጉት ሁለት የመጀመሪያ በረራዎች ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ 270 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ለመቀነስ ሳይቀባ ቀርቷል። የመሸፈኛው አረፋም ፀሐይ ባየው ቁጥር ከቀላል ብርቱካናማ ወደ ቡናማ ይጠቁራል፤ ስለዚህ የታንኩ ቀለም አንድ ወጥ ባይሆን ይመረጣል።

ፊደላትና ሰንደቅ ዓላማዎች?

ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች በስቲከር ቆርጠው ይሰጣሉ፣ ነገር ግን ስቲከሩ ወፍራም ስለሆነ ጠርዙ ይታያል። ስቲከሩን እንደ መቅቢያ ቅርጽ ተጠቅመው ቀለሙን በክፍተቱ ውስጥ ቀብተው ቢያነሡት ይሻላል። በሳተርን 5 ላይ ያሉት ጥቁር አራት ማዕዘኖች ጌጥ አይደሉም፤ ሮኬቱ በራሱ ዙሪያ መዞሩን ካሜራዎች እንዲለዩ የተቀቡ ናቸው፣ ስለዚህ ቦታቸው ከፎቶግራፍ ተለክቶ ይቀመጥ።

የሰው ምስል መጨመር አስፈላጊ ነው?

አንድ ወይም ሁለት ይበቃሉ፤ ለተመልካቹ የሮኬቱን ግዝፈት የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ነዳጅ ተሞልቶ ሊነሣ በተቃረበ ሮኬት ሥር ግን ሰው አይቆምም።

እሳትና ጭስ በጥጥ ብሠራስ?

ይቻላል፣ ግን ጥጡ በጣም ተዘርዝሮ፣ ከውስጡ ቢጫ የኤልኢዲ አምፖል ገብቶ መሆን አለበት። አምፖሉ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። በሎንግ ማርች 4ቢ መነሻ ላይ የሚታየው ጭስ ቀይ ቡናማ መልክ ስላለው ጥጡ በዚያው ቀለም በስሱ ይነካ። እኔ ግን የቆመ ሮኬት ከሚነሣ ሮኬት ይልቅ ሥራን በደንብ ያሳያል ባይ ነኝ፤ ጥጡ የብዙ ሳምንት ድካም የፈሰሰበትን መድረክ ይሸፍነዋልና።

የትኛውን ፎቶግራፍ ልመን?

በበረራው ዕለት የተነሣውን። በሙዚየም የቆመ ሮኬት ብዙ ጊዜ እንደገና የተቀባ ወይም አንዳንድ ክፍሉ የጎደለ ነው። የሳተርን 5 ኤፍ 1 ሞተሮች በበረራ ጊዜ በብርማ የሙቀት መከላከያ ተጠቅልለው ነበር፤ በሙዚየም የምናያቸው ግን እርቃናቸውን ናቸው፣ ቧንቧቸው ሁሉ ይታያል። የናሳ የፎቶግራፍ ክምችት በነፃ ስለሚገኝ የመረጡትን በረራ ምስሎች ከአራቱም አቅጣጫ ሰብስበው አትመው ከሥራ ጠረጴዛዎ ፊት ይስቀሏቸው።

የተጠናቀቀውን ሞዴል እንዴት ላስቀምጠው፣ ወደ ሐረርስ እንዴት ልውሰደው?

በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ ወይም በቆመ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ፕላስቲኩ ይጣመማል፣ የሙጫው መገናኛዎችም ይላቀቃሉ። አቧራን የሚከላከለው የመስታወት ሳጥን ብቻ ነው፤ በጠመኔ የተቀባ አመዳይ በጨርቅ ሊወለወል አይችልምና።

ለጉዞ ገና ከመጀመሪያው ሮኬቱ ከመድረኩ፣ ማማውም ከመሠረቱ እንዲነቀል አድርገው ይሥሩት፤ ከሥር በኩል በብሎን የሚታሰር ቢሆን ይመረጣል። የደንገጎ ዳገት ጠመዝማዛ ስለሆነ ማማው በቆመበት ከተጫነ የላይኛ ክንዶቹ በየመታጠፊያው ይወዛወዛሉ። ማማውን አስተኝተው ክንዶቹን በስፖንጅ ቁርጥራጭ ደግፈው በካርቶን ውስጥ ያድርጉት፤ ካርቶኑም በሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ሳይሆን በጉልበትዎ ላይ ይሁን። ጥቂት ቀጥ ያለ የመዳብ ሽቦ፣ ወረንጦ፣ ሱፐር ግሉና ከመሠረቱ ቀለም የተረፈ በትንሽ ብልቃጥ ይያዙ፤ ሲደርሱ ቢያንስ አንድ መደገፊያ መጠገኑ አይቀርም።